የአረብ ብረት ጋዝ ሲሊንደሮች አሠራር፣ ፈቃድና ምርመራ፦ የባሌ ደጋ ጉዳይ

የአረብ ብረት ጋዝ ሲሊንደር ኦክስጅንን፣ አየርን ወይም ሌላ ጋዝን በከፍተኛ ግፊት አምቆ የሚይዝ፣ ያለ ብየዳ የሚሠራ ዕቃ ነው። ጠላቂ ዋናተኛ በጀርባው የሚያዝለው የአየር ሲሊንደርና በሆስፒታል ከአልጋ አጠገብ የሚቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር ቫልቫቸውና አገልግሎታቸው ቢለያይም፣ የብረታቸው አሠራርና የሚፈተኑበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ ከተሞች፣ ሲሊንደሩ የሚታወቀው በሕክምና አገልግሎቱ ነው። የጠላቂዎች ሲሊንደር ታሪክ ግን ለሆስፒታሉም ትምህርት አለው፤ አሠራሩ በተለወጠ ቁጥር ደኅንነቱ በብረቱ ውፍረት ሳይሆን በየጊዜው በሚደረግ ምርመራ ላይ እየተመሠረተ መጥቷል።

== የአሠራር ለውጥ ==

በአሜሪካ ቀድሞ ይሠራ የነበረው 3ኤ የተባለው ሲሊንደር ከካርቦን አረብ ብረት የሚሠራና ወፍራም ግድግዳ ያለው ነበር። ቀጥሎ የመጣው 3ኤኤ ክሮሚየምና ሞሊብደነም ከተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት ይሠራል። ብረቱ ግሎ በፈሳሽ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳግም እንዲሞቅ ስለሚደረግ፣ ግድግዳው ቢሳሳም ተመሳሳይ ግፊት ይችላል። ለጠላቂዎች የተለመደው የ3ኤኤ ሲሊንደር የሥራ ግፊት ወደ 155 ባር ነው።

ጠላቂዎች ብዙ አየር በትንሽ ዕቃ መያዝ ሲፈልጉ፣ አምራቾች ከዚህ የበለጠ ጥንካሬ ያለው ብረት በመጠቀም ወደ 237 ባር የሚሞሉ ሲሊንደሮችን አቀረቡ። እነዚህ ከመደበኛው ደንብ ውጭ ስለነበሩ፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለየአምራቹ የተለየ ፈቃድ ሰጠ። ፈቃዱ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥና የሚታደስ ሲሆን፣ ቁጥሩ በሲሊንደሩ ትከሻ ላይ ይቀረጻል። ሲሊንደሩ እንዴት እንደሚፈተን የሚወስነውም ይኸው ፈቃድ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 9809 የተባለው መለኪያ ይሠራል። የመጀመሪያው ክፍል ከ1,100 ሜጋፓስካል በታች፣ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከዚያ ጀምሮ ያለውን የብረት ጥንካሬ ይመለከታል። በአውሮፓ የተፈቀደና ለመጓጓዣ የሚውል ሲሊንደር የፓይ ምልክት ይቀረጽበታል።

== ፈቃድና ምርመራ ==

አንድ ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያገኘው ፈቃድ ለዘለዓለም አያገለግልም። በየተወሰነ ዓመት በውኃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ ይፈተናል። በ3ኤኤ ደንብ የሙከራው ግፊት የሥራ ግፊቱ አምስት ሦስተኛ ሲሆን፣ በአይኤስኦ 9809 ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ ለ150 ባር የተሠራ ሲሊንደር በአንደኛው ደንብ በ250 ባር፣ በሌላው በ225 ባር ይፈተናል። በ3ኤኤ ሙከራ ሲሊንደሩ ሲለጠጥ ከታየው ጠቅላላ መስፋት ከ10 በመቶ በላዩ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ ከአገልግሎት ይወጣል።

የምርመራው ጊዜም ይለያያል። በአሜሪካ ለ3ኤኤ የተለመደው 5 ዓመት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ ደንብ ለኦክስጅን 10 ዓመት ይፈቅዳል። በብሪታንያ የጠላቂዎች ሲሊንደር በየ5 ዓመቱ በውኃ ግፊት፣ በየሁለት ዓመት ተኩሉ ደግሞ ውስጡ በዓይን ይታያል፤ ምክንያቱም እርጥበት ከገባ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። ዝገቱ ከውጭ አይታይም። ስስ ግድግዳ ያለው ሲሊንደር ደግሞ ከወፍራሙ ይልቅ ለዝገት የሚተርፍ ብረት የለውም።

== ሮቤ፣ ጎባና ከፍታ ==

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,490 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ 2,740 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በጎባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 71 በመቶ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ እስከ 2,500 ሜትር ድረስ በሚኖሩት ላይ በጣት የሚለካው የኦክስጅን መጠን 90 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ከዚያ ከፍታ በላይ ግን 87 በመቶ እንደ መነሻ ሊወሰድ ይችላል። ሁለቱ ጎረቤት ከተሞች በዚህ መሥመር ግራና ቀኝ ይገኛሉ።

ከፍታው በማምረቻ መሣሪያዎችም ላይ ተጽዕኖ አለው። ኦክስጅንን ከአየር የሚለዩ ማሽኖች አየሩ በሳሳበት ቦታ ምርታቸው ይቀንሳል። የተሞላ ሲሊንደር ግን የያዘውን ጋዝ በከፍታ ምክንያት አያጎድልም። 40 ሊትር ውኃ የሚይዝና በ150 ባር የተሞላ ሲሊንደር 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሰጣል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ታማሚ 20 ሰዓት ነው። የጋዙ ክብደት 8 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ብረቱ ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ይመዝናል። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ የሚጫነውና ባዶውን የሚመለሰው በአብዛኛው ብረት ነው ማለት ነው።

== የሳነቲ መንገድ ==

ቀላል ሲሊንደር ይበልጥ የሚያስፈልገው በአምቡላንስ ላይ ነው። ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚመጣ ታማሚ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ የሐረና ደንን አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚገኘው የሳነቲ አምባ ላይ ያልፋል። በዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 61 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ በደሎ መና ያለ ኦክስጅን የቆየ ታማሚ በመንገዱ መካከል ኦክስጅን ሊያስፈልገው ይችላል።

5 ሊትር ውኃ የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 750 ሊትር ይሰጣል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ለ2 ሰዓት ተኩል ይበቃል። የሲሊንደሩ ጤንነት አጠራጥሮ ሞዪው በግማሽ ግፊት ቢተወው፣ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ከሩብ ይወርዳል። ምርመራ ያለፈበት ሲሊንደር የሚያስከትለው ችግር ፍንዳታ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ስሌት ያሳያል።

== መርማሪው ማን ነው? ==

በኢትዮጵያ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ኦክስጅንን የደም ኦክስጅን እጥረት ማከሚያ አድርጎ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካተተ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገሪቱ ከተገኘ በኋላ የኦክስጅን ፍላጎት ይበልጥ ጨመረ።

ኃላፊነቱ ግን የተከፋፈለ ነው። ኦክስጅኑ መድኃኒት ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ይመለከታል። ዕቃው የግፊት ዕቃ ስለሆነ መለኪያውን የሚያወጣው የደረጃዎች ተቋም፣ ምርመራና ፍተሻ የሚሠራው የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። ሲሊንደሩን በየቀኑ የሚያየው ግን በሆስፒታሉ ያለው የባዮሜዲካል ባለሙያ ነው።

መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው በሆስፒታል ግቢ ወይም በአቅራቢያ ከተማ ማምረቻ መትከል ነው። ይህ የመሙያውን ጉዞ ያሳጥራል፤ የምርመራውን ጉዞ ግን አያሳጥርም። እንዲያውም ሲሊንደሩ ወደ ትልቅ መሙያ በሄደ ቁጥር የምርመራ ቀኑን የሚያይ ሌላ ሰው ነበር። መሙያው ወደ ጎባ ሲቀርብ ያ ሥራ በዚያው ባለው ሠራተኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የውኃ ግፊት መፈተኛ በአቅራቢያው ከሌለ፣ ለምርመራ የተላከው ሲሊንደር እስኪመለስ ድረስ ከአገልግሎት ውጭ ነው፤ ትርፍ ሲሊንደር የሌለው ሆስፒታልም ቀኑ ያለፈበትን ላለመላክ ይገደዳል። ስለዚህ የማምረቻው በጀት ሲያዝ የመፈተኛውና የተለዋጭ ሲሊንደሮች ወጪ አብሮ መታሰብ አለበት።

== በሲሊንደሩ ትከሻ ላይ የሚነበበው ==

በትከሻው ላይ የተሠራበት መለኪያ ወይም የፈቃድ ቁጥር፣ የአምራቹ ምልክት፣ ተከታታይ ቁጥር፣ ግፊቱና የተሠራበት ቀን ይቀረጻሉ፤ በአይኤስኦ መለኪያ የተሠራው ባዶ ክብደቱን፣ የሚይዘውን የውኃ መጠንና የግድግዳውን አነስተኛ ውፍረትም ይጨምራል። ከእነዚህ ቀጥሎ የየምርመራው ቀን ይመታል። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሲሊንደሮች በአንድ መጋዘን ሲገኙ፣ 5 ዓመት የሚፈቀድለትና 10 ዓመት የሚፈቀድለት ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ሁለቱን የሚለየው ይህ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ቀለም ተቀብቶበት ወይም ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ፣ ሲሊንደሩ ደኅና ቢመስልም መሞላት የለበትም።

ለአየር የዋለ የጠላቂ ሲሊንደርም እንዲሁ በኦክስጅን አይሞላም። በመጭመቂያው በኩል የገባ ዘይት ከንጹሕ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ አስቀድሞ በልዩ ጥንቃቄ መጽዳትና ቫልቩ መቀየር አለበት።