ከፎቶግራፍ ጀርባ የሚጻፍ ስም

በደቡብ ሪያድ በሺፋ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ፊቱን የሚያስቀምጠው በሁለት ዓይነት ፎቶግራፍ ነው። አንደኛው ጉርድ ነው፤ ለፓስፖርትና ለልዩ ልዩ ጉዳይ ማስፈጸሚያ የሚሆን፣ ጀርባው ነጭ፣ ዓይኑ ፊት ለፊት የተተከለ፣ ከንፈሩ የተገጠመ። ሁለተኛው በእጅ ስልኩ ተነሥቶ ማታ ለእናቱ የሚላከው ነው። የመጀመሪያው ለመዝገብ፣ ሁለተኛው ለናፍቆት ያገለግላል። ሆኖም መዝገቡ ሰውየውን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው፤ የስልኩ ፎቶግራፍ ደግሞ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲለወጥ አብሮ ይጠፋል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ የልጅ ልጅ «አያታችን በስደት ዘመኑ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልስ የሚሆነው ፎቶግራፍ የትኛው ነው?

የቀደመው ትውልድ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። በዓረፋ፣ በእንቁጣጣሽ ወይም በሠርግ ሰሞን ቤተሰቡ አዲስ ልብሱን ለብሶ ወደ ፎቶ ቤት ይሄድ ነበር። አንሺው የአባትን ትከሻ ያቃናል፣ የእናትን ነጠላ ያስተካክላል፣ ልጆቹን በቁመት ያሰልፋል። ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲመጣ ደግሞ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ለማስታወሻ» ተብሎ ይጻፋል፤ የላኪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና ከተማው ይከተላል። ብዙ ጊዜም የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከጎኑ ያርፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ እንደ ተራ ልማድ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አንድን ፊት ከወረቀት ላይ ምስልነት ወደ ታሪክ ማስረጃነት የሚያሻግረው እርሱ ነው።

የጽሑፉን ዋጋ ለመረዳት የአዲስ አበባን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ታሪክ ማየት ይበቃል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ ገብተው የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሲያርፉ ሙያው ከቤታቸው አልወጣም። ልጃቸው ሃይጋዝ ለንግሥት ዘውዲቱ፣ ሌላው ልጃቸው ቶኒ ደግሞ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንሺ ሆነው አገልግለዋል። አንድ ቤተሰብ የሦስት ነገሥታትን ፊት ለትውልድ አቆየ ማለት ነው። ዛሬ የነገሥታቱ ፎቶግራፎች በቀን መቁጠሪያ፣ በመጽሐፍ ሽፋንና በየስልኩ ይዞራሉ። ተመልካቹ ዘውዱንና ካባውን ያደንቃል፤ ብርሃኑን ያመቻቸውን፣ ንጉሡን እንኳ «እባክዎ ትንሽ ቀና ይበሉ» ለማለት የሚገደደውን ባለሙያ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የቦያጂያን ስም የተረፈው ጻፊና ጠያቂ ስላገኘ ነው። ስማቸው ያልተጻፈላቸው የየክፍለ ሀገሩ ፎቶ ቤት ባለሙያዎች ግን ሥራቸው በየሳሎኑ ተሰቅሎ ሳለ እነርሱ ተረስተዋል።

በዚያው ዘመን በመካከለኛው አውሮፓ የነበረ አንድ ባለሙያ የተከተለው መንገድ ለንጽጽር ይጠቅማል። የቼክ ተወላጁ ፍራንቲሼክ ድርቲኮል እ.ኤ.አ. በ1883 ፕርዢብራም በተባለች የማዕድን ከተማ ተወለደ። ሙያውን በሙኒክ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1910 በፕራግ ስቱዲዮ ከፈተ። የአገሩን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ቶማሽ ማሳሪክን ጨምሮ የዘመኑን ታላላቅ ሰዎች አነሣ። ብርሃንንና ጥላን እንደ ቅርጽ መሥሪያ በመጠቀሙም ከዘመናዊው የፎቶግራፍ ጥበብ ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1935 ስቱዲዮውን ሸጦ ወደ ሥዕልና ወደ መንፈሳዊ ተመስጦ ዞረ፤ ስሙም እየደበዘዘ ሄደ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1942 ሥራዎቹን በፕራግ ለሚገኘው የጌጣጌጥ ጥበባት ሙዚየም አስረክቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ከሞተ በኋላ በ1970ዎቹ የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ፊታቸውን ወደ እርሱ ሲመልሱ፣ ሥራዎቹ በአንድ ቦታ ከነስማቸው ተቀምጠው ጠበቋቸው። ድርቲኮልን ከመረሳት ያዳነው ችሎታው ብቻ አልነበረም፤ በጊዜው ያስረከበው አደራም ጭምር ነው።

ስም ሲፋቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለሺፋ ነዋሪ ቅርብ ከሆነችው ከመካ ታሪክ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1885 ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ኹርግሮንየ በመካ ሲቆይ፣ ሰይድ አብዱልገፋር የተባሉ የከተማዋ ሐኪም ከእርሱ ጋር ፎቶግራፍ ማንሣትን ሠሩ። እርሱ ከተማዋን ከለቀቀ በኋላም ሐኪሙ የተቀደሰችውን ከተማና ከየአገሩ የመጡ ሑጃጆችን እያነሡ ላኩለት። በመስታወቱ ላይም ስማቸውንና ሙያቸውን በዐረብኛ ይጽፉ ነበር። ፎቶግራፎቹ እ.ኤ.አ. በ1889 በአውሮፓ ሲታተሙ ግን ፊርማቸው ተፍቆ ነበር። በዚህም ምክንያት ከመካ ተወላጆች ቀዳሚ የሆኑት ፎቶግራፍ አንሺ ሥራቸው ለረጅም ጊዜ በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ኖረ። ምስሉ አልጠፋም፤ ባለቤቱ ግን ተሰወረ። አጥኚዎች ስሙን መልሰው እስኪያገኙት ድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ።

«በየስልኩ በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ ባለበት ዘመን ይህ ለምን ያሳስባል?» የሚል ይኖራል። ብዛት ግን ለትዝታ ዋስትና አይሆንም። በሺህ ፎቶግራፎች መካከል የተደበቀ አንድ ፊት፣ ማን እንደሆነና የት እንደነበረ የሚናገርለት ካጣ፣ ከጠፋ አይሻልም። «ስምን መጻፍ ገመናን ማጋለጥ ነው» የሚል ስጋትም አይጠፋም፤ በተለይም ሴቶች እኅቶች ምስላቸው በማያውቁት እጅ እንዳይገባ መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው። የድሮው ልማድ ግን ይህንንም ያውቅ ነበር። ጽሑፉ የሚያርፈው በፎቶግራፉ ጀርባ ነው፤ የሚያነበውም ፎቶግራፉ በእጁ የተሰጠው ሰው ብቻ ነው። ስም መጻፍና ለአደባባይ ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መደረግ ያለበት ነገር ከባድ አይደለም። በሺፋም ሆነ በሌላ የስደት ሰፈር የሚኖር ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለመዝገብ ሳይሆን ለራሱና ለቤተሰቡ፣ በሚወደው ልብስ ተነሥቶ ፎቶግራፉን ያሳትም። ጀርባው ላይም ስሙን፣ ቀኑን፣ ሰፈሩንና ያነሣውን ሰው ስም ይጻፍ። አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦች በሣጥን የተቀመጡትን አሮጌ ፎቶግራፎች የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ፣ «ይህ ማን ነው? የት ነበር?» እያሉ ይጠይቁ፤ መልሱንም ይመዝግቡ። ጋዜጦችና አሳታሚዎች፣ የመንግሥት የሆኑትም ጭምር፣ የቆየ ፎቶግራፍ ሲያወጡ የአንሺውን ስም ፈልጎ መጥቀስን ግዴታቸው ያድርጉት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን የመሰሉ የታሪክ ማኅደር ያላቸው ተቋማትም ከቤተ መንግሥቱ ጎን ለየመንደሩ ፎቶ ቤት ቦታ ይስጡ።

ፎቶግራፍ በሦስት ሰዎች እጅ ያለ አደራ ነው፤ በተነሣው፣ ባነሣውና በያዘው። ሦስተኛው አደራውን ከዘነጋ የሁለቱ ድካም ከንቱ ይቀራል። ዛሬ ማታ ከሺፋ ወደ አገር ቤት ከሚላኩት ፎቶግራፎች ቢያንስ አንዱ ወረቀት ላይ ታትሞ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ቢጻፍበት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለሚጠይቀው ልጅ መልሱ ይገኛል።