ጠያቂ ሌላ፣ አስታማሚ ሌላ



በሽተኛን ተከትሎ ለሚመጣ ሰው አማርኛችን ሁለት ስም አለው፤ ጠያቂና አስታማሚ። ጠያቂ መጥቶ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብሎ፣ ትንሽ ተቀምጦ ይሄዳል። አስታማሚ ግን ያድራል። ያጎርሳል፣ ያገላብጣል፣ የበሽተኛውን ሕመም ለሐኪም ይናገራል፣ የሐኪሙን ቃል ለበሽተኛው ይመልሳል። ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የሆስፒታል በር ላይ ሁለቱም በአንድ ስም «ሜቫከር» ተብለው ሁለቱም ሲመለሱ እናያለን።

ይህን ዛሬ የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2025 በኢየሩሳሌምና በቤት ሼሜሽ የተነሳው የኩፍኝ ወረርሽኝ ያልተከተቡ ሕፃናትን ገድሏል። ከዚያ በፊት ደግሞ በ2018 እና በ2019 በአገሪቱ ከ4,000 በላይ ሰው በኩፍኝ ሲያዝ ብዙው እዚሁ ኢየሩሳሌም ነበር። በመካከሉ ኮሮና አለ። እንዲህ ያለ ነገር በመጣ ቁጥር እኛ በማኅበራዊ ሥራ የተሰማራን ሰዎች ስልካችን አያርፍም። «ልጄ፣ አንተ እዚያ ሰው ታውቃለህ፤ አባባ ጋ አስገባን» ይሉናል። ሰው በማወቅ የሚከፈት በር ግን ሰው ለሌለው ዝግ ነው። ስለዚህ ስለ ሕጉ ራሱ እንነጋገር።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። በወረርሽኝ ጊዜ የጠያቂ ቁጥር መገደቡ ትክክል ነው፤ እኛም ልንቀበለው ይገባል። አስታማሚን እንደ ጠያቂ ቆጥሮ መመለስ ግን ትክክል አይደለም፤ ይህንን ዝም ብለን መቀበል የለብንም።

መጀመሪያ የራሳችንን ጉዳይ እናንሳ። ኩፍኝ በአየር ይተላለፋል። የታመመው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም ቢሆን በሽታው እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ደግሞም ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል፤ ማለትም ሰውየው ታምሜያለሁ ብሎ ሳያስብ ሌላውን ይይዛል። እናቶቻችን የተኙበት ማሕላካ ውስጥ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፣ አቅሙ የደከመ ሰው አለ። በሌላው ፎቅ ደግሞ ገና ለክትባት ያልደረሰ አራስ ሕፃን አለ። እኛ ሃያና ሠላሳ ሆነን፣ ልጅ አዝለን፣ ምግብ ይዘን ስንገባ ፍቅራችንን ብቻ ይዘን እንደማንገባ ማወቅ አለብን።

ለምን በብዛት እንደምንሄድ እናውቃለን። በጎንደር መንደር ታሞ ያልጠየቀ ሰው ቂም ያተርፍ ነበር። «ታምሜ እንኳ አላየኝም» የሚለው ቃል ከስድብ ይከብዳል። ይህን ባህል የሚንቅ ሰው ካለ አልገባውም። ነገር ግን ወላጆቻችን መጠየቅን ብቻ ሳይሆን መለየትንም ያውቁ ነበር። የመርገም ጎጆን አስታውሱ። ጎጆው በድንጋይ የታጠረ ነበር። ሴቲቱ በውስጥ ሆና ዘመድ ምግቧን ከድንጋዩ ወዲህ ሆኖ፣ ሳይነካት ያቀብላት ነበር። ሬሳ የነካም ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቆይ ነበር። ያ ሥርዓት የንጽሕና እንጂ የሕክምና ሕግ አልነበረም። ትምህርቱ ግን ለዛሬም ይሆናል፤ ሰውን ሳይነኩ መርዳት፣ ተለይቶም ሳይረሱ መቆየት ይቻላል።

ተላላፊ በሽታ ምን እንደሚያደርግም ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1984 በሱዳን፣ በኡም ራኩባና በሌሎች ካምፖች ወገኖቻችን በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በወባ አልቀዋል። በመንገድና በካምፕ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ሃር ሄርጽል ላይ ቆሟል። ኩፍኝን ቀላል የልጅ በሽታ ነው የሚል ሰው በመካከላችን ቢገኝ እዚያ ሄዶ ይቁም።

ኢየሩሳሌምም ራሷ በዚህ ጉዳይ ሁለት ልብ ሆና የኖረች ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ መንገድ፣ ዱሮ ረሖብ ሃሐበሺም ከሚባለው፣ ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ወርደን ወደ ነቢያት መንገድ ብንወጣ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የየአገሩ ሰው ሆስፒታል የሠራበት ሰፈር ነው። ጥቂት ብንሄድ ሽትራውስ መንገድ ላይ የቢኩር ሖሊም ሆስፒታል ሕንፃ አለ። ስሙ «በሽተኛ መጠየቅ» ማለት ነው። መጠየቅን ስሙ ያደረገ ሆስፒታል! በሌላው የከተማው ክፍል፣ ታልቢዬ ውስጥ፣ በ1887 ለሥጋ ደዌ በሽተኞች የተሠራው የሃንሰን ቤት በትልቅ ግንብ ታጥሮ ይገኛል። አሁን የሥነ ጥበብ ቦታ ሆኗል፤ ግንቡ ግን አለ። ሰው ሲታመም መጠየቅም፣ መለየትም የዚች ከተማ ልማድ ነው። ጥያቄው ሁለቱን እንዴት አብረን እንይዛቸው ነው።

በኮሮና ጊዜ ልኩን አጥተነው ነበር። መጋቢት 20 ቀን 2020 በአገራችን በኮሮና የመጀመሪያው ሰው ሞቱ። የ88 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ከናዚ እልቂት የተረፉ፣ የሞቱትም እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል ነው። ቤተሰባቸው አጠገባቸው መሆን አልቻለም። በዚያ ሰሞን በሽታው አዲስ ነው፣ መከላከያ ልብሱም አይበቃም፣ ሐኪሙም ፈርቷል፤ በዚህ ማንንም አንወቅስም። ግን በሚያዝያ ወር የቴል አቪቩ ኢኺሎቭ ሆስፒታል የሚሞት ሰው ቤተሰብ መከላከያ ልብስ ለብሶ ገብቶ እንዲሰናበት ፈቀደ። በሽታው ያው ነው፣ ወሩም ሩቅ አይደለም። የተለወጠው አንድ ሰው «እንዴት እናስገባ?» ብሎ መጠየቁ ነው። በሩ የሚዘጋው በበሽታው ብቻ ሳይሆን በውሳኔ እንደሆነ ከዚያ ተምረናል።

ለእኛ አዛውንቶች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንዲት እናታችን ዕብራይስጥ ሳይኖራት ብቻዋን ስትተኛ ምን እንደሚሆን እናስብ። ሐኪሙ «ያምሻል?» ሲል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ለትልቅ ሰው ማማረር ነውር ነዋ። ራሷን ነቅነቅ ስታደርግ አክብሮት ነው፤ እሱ ግን ተስማማች ብሎ ይጽፋል። ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ጨዋነት ነው፤ ነርሷ ግን ተክዛለች ትላለች። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስባ «አዎ» ስትል፣ የማያውቅ ሰው ትንፋሽ አጠራት ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። የማታውቀውን ምግብ አትነካም፤ ትሪው እንደመጣ ይመለሳል፣ «ምግብ እምቢ አለች» ይባላል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል የሚያቃናው አጠገቧ ያለ አስታማሚ ነው። እሱን በር ላይ መመለስ የሕክምናውን ግማሽ በር ላይ መመለስ ነው።

እምነትም አለ። በጥር 1996 የእኛ ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር ሲሰማ፣ በሺዎች ሆነን እዚሁ ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ቆመናል። ያን ቀን የሚያስታውስ አዛውንት ዛሬ ከዘመዱ ተለይቶ ብቻውን ከነጭ ጋዋን ጋር ሲቀር ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

በልጅነት የመጣነው ትውልድ ደግሞ ሌላውን ጎን እናውቀዋለን። በስምንትና በአሥር ዓመታችን የወላጆቻችን አስተርጓሚ ነበርን። ልጅ የማይሰማውን ሰምተናል፤ ያልገባንን የበሽታ ስም ለእናታችን ተርጉመናል፤ ስንደነግጥም ዝም ብለናል። ስለዚህ «ልጁ ያስተርጉም፣ እሱ ብቻ ይግባ» የሚል መፍትሔ አንቀበልም። አስታማሚ አዋቂ ይሁን።

ሕጉስ ምን ይላል? በዚያው በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብቶች ሕግ ሆስፒታል የተኛ ሰው ጠያቂ የመቀበል መብት እንዳለው፣ ሰዓቱንና ሥርዓቱን ግን የሆስፒታሉ ኃላፊ እንደሚወስን ይናገራል። ስለዚህ ኃላፊው መገደብ ይችላል፤ ለይቶ መፍቀድም ይችላል። ይኸው ሕግ በሽተኛው ስለ ሕክምናው በሚገባው መንገድ ተነግሮት እንዲስማማ ያዛል። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር፣ ሚስራድ ሃብሪዑት፣ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሖሊሞች አገልግሎታቸውን ከበሽተኛው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ መመሪያ አውጥቷል። ወረርሽኝ መጣ ተብሎ ይህ ሁሉ አይሰረዝም።

«ለእናንተ ከፈቀድን ሁሉም እኔም ይላል» የሚሉ ነርሶች አሉ። ድካማቸውን እናያለን፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ የሁለት ዓመት ልጅ ሲተኛ እናቱን «ሜቫከር» ነሽ የሚላት አለ? የለም፤ ያለ እሷ ሕክምናው እንደማይሄድ ሁሉም ያውቃል። እኛ የምንለው መመዘኛው ይኸው ይሁን ነው። ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ሳይሆን፣ ያለ አስታማሚ መናገርና መረዳት የማይችል በሽተኛ ሁሉ አንድ አስታማሚ ይኑረው። ሩስያኛ ብቻ የሚናገሩት ሽማግሌ፣ አረብኛ ብቻ የምትናገረው እናት፣ መስማት የተሳነው፣ የመርሳት በሽታ ያለበት፣ ሁሉም። «የስልክ አስተርጓሚ አለ» የሚባለውም ጥሩ ነው፤ ሐኪም ሲያስረዳ ይጠቅማል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃ ጠምቷት ለምትጣራ እናት ግን ስልክ አይደርስላትም።

ይህን የምንጠይቅ ከሆነ በእኛ በኩልም ሥራ አለ።

ቤተሰቡ አንድ አስታማሚ ይምረጥ፤ ቢበዛ የሚያሳርፈው አንድ ሌላ። የተከተበ ይሁን፤ ሳል ወይም ትኩሳት ካለው አይደብቅ። በር ላይ ሲደርስ «ሜቫከር» ሳይሆን «ሜላቬ ነኝ» ይበል፤ ለምን እንደሚያስፈልግም በአጭሩ ያስረዳ። እምቢ ካሉት አይጩህ። እዚያ የቆመው ጥበቃ ብዙ ጊዜ የራሳችን ልጅ ነው፤ ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም። የማሕላካውን ኦቬድ ሶሲያሊ ይጥራ። ካልሆነም በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ ሆስፒታል ለሕመምተኛ መብት ኃላፊ የሆነ ሠራተኛ መመደብ አለበትና እሱን ይጠይቅ። ከዚያም የሚኒስቴሩ ስልክ *5400 አለ።

የቀረነው ደግሞ በስልክ እንጠይቅ። በቀን አንድ ሰዓት ተወስኖ ዘመድ ሁሉ በቪዲዮ ይሰብሰብ። ለበሽተኛው ድምፃችን ይበቃዋል፤ አስታማሚውንም ቀኑን ሙሉ በስልክ አናድክመው። እንጀራውን ወደ ሆስፒታል ሳይሆን ወደ አስታማሚው ቤት እንላክ፤ ልጆቹ እዚያ ብቻቸውን ናቸው። «አልጠየቀኝም» የሚለውን ቂምም ለወረርሽኙ ጊዜ ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችን ያንሱልን። እነሱ ካሉት ሕዝቡ ይሰማል።

ሆስፒታሎችን ደግሞ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ የሚሞት ሰው ብቻውን አይሙት። መከላከያ ልብስ አልብሱን፣ አሥር ደቂቃም ቢሆን አስገቡን። ሁለተኛ፣ መርዶን በስልክ ለባል ወይም ለሚስት አትንገሩ። በእኛ ዘንድ መርዶ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ለተመረጠው አስታማሚ ብቻ ንገሩት፤ የቀረውን እኛ እናውቅበታለን። ይህ ለሆስፒታሉ አንድም ሰቅል አያስወጣውም።

ወገኖቻችን፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት፣ ሁሉም ጤነኛ ሳለ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉ። «ብትታመሙ ማን እንዲያስታምማችሁ ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ሕክምና የሚወስንላቸውን ሰው በይፑይ ኮአሕ በጽሑፍ አድርጉ። የሚወስዱትን መድኃኒትና የማይስማማቸውን ነገር በአንድ ገጽ በዕብራይስጥ ጻፉ። የልጆቻችሁን የክትባት ደብተር ገልጣችሁ እዩ። በሩ ላይ ከመድረስ በፊት የሚሠራ ሥራ ይህ ነው።

የታመሙትን እግዚአብሔር ይማርልን። ሬፉአ ሽሌማ።