በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ አውቶሞቢል

ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ተባብረው የሚነዱት አውቶሞቢል አዲስ ነገር አይደለም፤ ቶዮታ ፕሪየስ የተባለው በጃፓን አገር መሸጥ የጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ሆኖም አንዳንድ ባለቤቶች «የተባለውን ያህል ነዳጅ አልቆጠበልንም» ሲሉ እንሰማለን። እኛ ከመኪናው ይልቅ የነጂውን እግር እንጠረጥራለን።

ነጂው ፍሬኑን አስቀድሞ በዝግታ ሲረግጥ፥ የመኪናው የሩጫ ጉልበት ኤሌክትሪክ ሆኖ ወደ ባትሪው ይመለሳል። በድንገት አጥብቆ ሲረግጥ ግን ብዙው ጉልበት በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ቀዩን መብራት ከሩቅ ያየ ሰው እግሩን ወዲያው ከነዳጅ መስጫው ያንሣ። የጎማ ነፋስ ሲጎድል ነዳጅ እንደሚበላ ሁሉም ስለሚያውቀው አንደግመውም።

ረጅም ቁልቁለት ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ለምሳሌ ከአሥመራ ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ 2,300 ሜትር ያህል ይወርዳል። የፕሪየስ ባትሪ ትንሽ ስለሆነ ጊንዳዕ ሳይደረስ ሊሞላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመነጨውን ጉልበት የሚያኖርበት ስፍራ የለውም፥ ሸክሙም በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ማርሹን «ቢ» በተባለው ምልክት ላይ አድርጎ፥ ሞተሩ መኪናውን ይዞ እንዲያወርድ ማድረግ ይገባል። ይህንኑ በከተማ ሜዳ ላይ ዘወትር የሚያደርግ ሰው ግን ቤንዚኑን በከንቱ ይጨርሳል።