የሶላር ፓኔል የሚታዘዝበትና የሚሸጥበት ወቅት

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ካወቀ በኋላ ቀጥሎ ሊያውቀው የሚገባው የዕቃውን ወቅት ነው። ጃንጥላ በሰኔ፥ ደብተር በመስከረም፥ የሰርግ ልብስ በጥር እንደሚፈለግ የማያውቅ ባለሱቅ የለም። በየሱቁ ደጃፍ ተደርድሮ የሚታየው የሶላር ፓኔል ግን ወቅት እንደሌለው ዕቃ ሲታዘዝና ሲሸጥ ይታያል። ይህ አሠራር አስመጪውን ገንዘቡን፥ ባለሱቁን መልካም ስሙን፥ ገዢውንም መብራቱን የሚያሳጣ ስለ ሆነ፥ ነገሩን በጥሞና መመልከት ተገቢ ነው።

ወቅቱን በትክክል ለመወሰን ሦስት ሒሳቦችን ማስተያየት ያስፈልጋል። እነዚህም የፀሐይዋ፥ የገዢው ኪስ፥ እንዲሁም የፋብሪካውና የመርከቡ ሒሳቦች ናቸው።

ከፀሐይዋ እንጀምር። በአዲስ አበባ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በቀን በአማካይ 9 ሰዓት ያህል ስትታይ፥ በሐምሌ ግን ከ4 ሰዓት አትበልጥም። በደመና ውስጥ የሚያልፈው ብርሃንም ጥቂት ኃይል ስለሚሰጥ፥ የኤሌክትሪኩ ልዩነት የሰዓቱን ቁጥር ያህል የከፋ አይደለም፤ ቢሆንም በእያንዳንዱ ቤት የሚታወቅ ነው። ደግሞም ፓኔል የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም። ፓኔሉ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል፥ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ ከኃይሉ ከመቶ 0.3 እስከ 0.4 ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ለፓኔል ከሁሉ የሚስማማው ብርዱ የጠና ሰማዩም የጠራ የደጋው በጋ ነው።

ሆኖም በከተማ ብዙው ገዢ ወደ ሱቅ የሚሮጠው በክረምት፥ ነጐድጓድና ዝናብ መብራቱን ባጠፋበት ማግስት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ሳያመዛዝን በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል፤ በእርጥብ ጣሪያ ላይ በጥድፊያ ያሰቅላል፤ ከዚያም ዕቃውን የሚፈትነው ፀሐይ በጠፋችበት ወር ስለ ሆነ፥ ባትሪው ሳይሞላ ሲመሽበት «ዕቃው የማይረባ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ይህን ቃል የሰማ ጎረቤት ደግሞ በመስከረም ፀሐይ ብትወጣም አይገዛም።

ሁለተኛው የገዢው ኪስ ነው። የገበሬው እጅ በገንዘብ የሚሞላው እህሉን ወቅቶ ለገበያ ሲያቀርብ፥ ይኸውም ከኅዳር አንሥቶ ነው። ቡና በሚለቀምባቸው በጅማና በሲዳማ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል። ጥር የሰርግ ወር እንደ መሆኑ መጠን፥ እስከዚያ ያልተገዛ ዕቃ ከድግስ ወጪ ጋር ይሻማል። ከሚያዝያ በኋላ የገበሬው ሐሳብ ወደ ማዳበሪያና ወደ ዘር ስለሚዞር፥ ለመብራት የሚተርፈው ገንዘብ ጥቂት ነው። እንግዲህ በገጠር ከተሞች ያለ ባለሱቅ ፓኔሉን በመደርደሪያው ላይ ማግኘት የሚገባው፥ መንገዱ ደርቆ መኪና እንደ ልብ መግባት በሚጀምርበት በጥቅምት ነው።

ሦስተኛው የፋብሪካውና የመርከቡ ሒሳብ ነው። ወደ አገራችን የሚገባው ፓኔል በብዛት የሚሠራው በቻይና ነው። የባንኩ ጉዳይ፥ የፋብሪካው ዝግጅት፥ የባሕሩ ጉዞ፥ የጅቡቲ ወደብና የሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ ሲደመር፥ ሦስት ወር መመደብ ጥንቃቄ እንጂ ማጋነን አይደለም። የቻይና አዲስ ዓመት ከጥር 13 እስከ የካቲት 13 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚውል፥ በዓሉ በሚከበርባቸው ሳምንታት ፋብሪካዎቹ ይዘጋሉ፤ ሠራተኞቹም ወደ አገራቸው ይሄዳሉ።

እንግዲህ የብዙዎች ስሕተት እዚህ ላይ ይታያል። አስመጪው በኅዳርና በታኅሣሥ ገበያው ሲሞቅ አይቶ ያዝዛል፤ ትእዛዙ በበዓሉ ተይዞ ይዘገያል፤ ዕቃው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ሲደርስ የገበሬው ገንዘብ አልቋል። ስለዚህ ዕቃው ክረምቱን በመጋዘን ያሳልፋል፤ የባንኩ ወለድ ግን ክረምት ነው ብሎ አያርፍም። ትእዛዙን በግንቦት መጨረሻና በሰኔ የጨረሰ አስመጪ ግን ዕቃውን በመስከረም መጨረሻ ተረክቦ በጥቅምት ለቸርቻሪው ያከፋፍላል።

«ዋጋው በየጊዜው የሚረክስ ዕቃ ስለ ሆነ መጠበቅ ይሻላል» የሚሉ አሉ። አባባላቸው ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ከ2022 መጨረሻ እስከ 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር፥ የፓኔል ዋጋ በቻይና ከግማሽ በላይ ወርዷል። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራር ሲለወጥ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የቻይና መንግሥት ለፓኔል ላኪዎች የሚመልሰውን ቀረጥ ከመቶ 13 ወደ ከመቶ 9 አወረደ። በዶላር ይረክሳል ብሎ የጠበቀ ሰው በብር አስወድዶ ገዛ ማለት ነው። የዋጋን መውጣትና መውረድ መገመት የሚቻል ሰው የለም፤ መኸርና ክረምት ግን በየዓመቱ በጊዜያቸው ይመጣሉ። ነጋዴ ሒሳቡን በሚያውቀው ላይ ቢመሠርት ይሻለዋል።

ይህም ሲባል ለሁለት ዓመት የሚበቃ ዕቃ ይከማች ማለት አይደለም። ፓኔል በደረቅ መጋዘን ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም፤ አዲሱ ዕቃ በርካሽ ሲገባ ግን የአሮጌው ዋጋ ይወድቃል። ባትሪ ደግሞ ከነጭራሹ መቀመጥን አይወድም። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሳይሞላ ለወራት ቢቆይ ከውስጥ ይበላሻል፤ ቆይቶ የተሸጠም እንደ ሆነ ቅሬታው የሚመለሰው ወደ ባለሱቁ ነው። ስለዚህ ፓኔሉን በአንድ ጊዜ፥ ባትሪውን ግን ለአንድ ወቅት ሽያጭ በሚበቃ መጠን ማዘዝና በመጋዘንም ሳለ በየጊዜው እየሞሉ ማቆየት ይገባል።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብ የሚገባው የልኬቱ ነገር ነው። ሽያጩ በኅዳር ቢሆንም ልኬቱ በሐምሌ ፀሐይ መሆን አለበት። ገዢው ስንት አምፖል፥ ስንት ሰዓት፥ ቴሌቪዥንስ ጭምር እንደሚያበራ ተጠይቆ፥ በክረምትም የሚበቃው ፓኔልና ባትሪ ሊነገረው ይገባል። ገንዘቡ ካልበቃው በሐምሌ ቴሌቪዥኑ እንደማይበራለት አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። በበጋ ፀሐይ የተለካ ትንሽ ዕቃ ለጊዜው ቶሎ ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባ ግን ሻጩን ያሳፍራል።

በጠቅላላው፥ አስመጪው በሰኔ ያዝዝ፤ ቸርቻሪው በጥቅምት ይረከብ፤ ገዢውም ከኅዳር እስከ ጥር ገዝቶ በደረቅ ጣሪያ ላይ ተረጋግቶ ያሰቅል። ለክረምት ድንገተኛ ገዢ ጥቂት ዕቃ ማስቀረት በቂ ነው። ይህን ሥርዓት የሚከተል ነጋዴ ገንዘቡ በመጋዘን አይታሠርበትም፤ በሚቀጥለውም መኸር የአንዱ ደንበኛ ጎረቤት ወደ ሱቁ ይመጣል።