ምንጣፉን ማን ገዛው?



ሰኔ 14 ቀን 2013 ለምርጫ ተሰልፈን ነበር። የዚያ ምርጫ ቅስቀሳ ከረመዷን ጋር ስለገጠመ ዕጩዎች ወደ መስጂድ መመላለስ አብዝተው ነበር። እዚህ ደብረ ወርቅም አንድ ዕጩ ለኢፍጣር ተምር ይዘው መጡ፤ ከተምሩ ጋር አንድ ጥቅል ምንጣፍ አስወረዱ። መኪናዋ ባለ ኮድ 4፣ የመንግሥት ነበረች። አባቶቻችን ዱዓ አደረጉላቸው። ከደረሶቻችን አንዱ ግን «ኡስታዝ፣ ምንጣፉን ማን ነው የገዛው?» አለ። እኛ ያስተማርነው ልጅ ጠይቆን መልስ አጣን።

ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ የሕግ ጥያቄ ነው። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋም ሆነ ምንጩ ካልታወቀ ወገን ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ሒሳባቸውን በየዓመቱ አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡም ያዛል። የመንግሥት ንብረትም ለቅስቀሳ አይውልም። እንግዲህ ምንጣፉ ከፓርቲው ካዝና ከወጣ በሒሳቡ ላይ መታየት አለበት። ከመሥሪያ ቤት በጀት ከሆነ በራሳችን ግብር እኛኑ ውለታ አስገቡን ማለት ነው። ከነጋዴ ኪስ ከሆነስ፣ ነጋዴው ከምርጫው በኋላ ምን ሊጠይቅ ነው? ከገዛ ኪሳቸው ከሆነ አላህ ይቀበላቸው፤ ለሰደቃ ግን ማይክሮፎን ምን ይሠራል?

ሥልጣንና ስጦታ ሲገናኙ ምን እንደሚደረግ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አሳይተውናል። ኢብኑል ሉትቢያ የተባለ ሰው የበኑ ሱለይምን ዘካ ሰብስቦ ሲመለስ፣ ከፊሉን አስረክቦ ከፊሉን ለራሴ የተሰጠኝ ነው አለ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ሰውየው በወላጆቹ ቤት ቁጭ ቢል ኖሮ ያ ስጦታ ይደርሰው እንደነበር ጠየቁ። በጓዳ ጠርተው አልገሠጹትም፤ ሕዝብ እየሰማ ነው የጠየቁት።

በክልላችን ግን ሒሳብ የሚጠየቀው ዘግይቶ ነው። ጥረት ኮርፖሬት በአማራ ሕዝብ ስም ተቋቁሞ በገዥው ፓርቲ ሰዎች ሲመራ ኖረ። ከእርሱ ጋር በተያያዘ የሙስና ክስ አቶ በረከት ስምዖን 6 ዓመት፣ አቶ ታደሰ ካሳ 8 ዓመት የተፈረደባቸው በ2012፣ ከሥልጣን ከራቁ በኋላ ነው። ወንበር ላይ ሳሉ የጠየቃቸው ማን ነበር?

አንዳንድ አባቶች «እኛ ጥቂቶች ነን፤ እጁን የዘረጋልንን አናስቀይም፤ ሞጣን አላያችሁም ወይ?» ይሉናል። ፍርሃታቸው ከልብ ይገባናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶቻችንና የወንድሞቻችን ሱቆች ሲቃጠሉ ጎረቤት ሆነን ሰምተናል፤ ያን ሰሞን በቢቸናም በደብረ ወርቅም እንቅልፍ የተኛ ሙስሊም አልነበረም። ነገር ግን መስጂዳችን ሊጠበቅ የሚገባው ዜጎች ስለሆንን ነው፤ ምንጣፍ ስለተቀበልን አይደለም። ዝም ብሎ የተቀበለ ጀመዓ ነገ በደል ሲደርስበት በምን አፉ ይከሳል? በ2004 መሪዎቻችንን በመስጂዳችን እንምረጥ ብለን ስንጮኽስ የጠየቅነው ይህንኑ ተጠያቂነት አልነበረም?

የጁሙዓ ሰደቃችን በሦስት ሰው ፊት ተቆጥሮ ይነበባል፤ ሃምሳ ሳንቲም ብትጎድል እናውቃለን። ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽም ብድርን ስለመጻፍ የወረደ ነው። ታዲያ የዕጩ ስጦታ ሲሆን መዝገባችን ለምን ይዘጋል? የየመስጂዱ ኮሚቴ ለዚህ አንድ ደብተር ይክፈት። ማን አመጣው፣ ስንት ያወጣል፣ በማን ስም ተገዛ፣ በየትኛው መኪና መጣ ብሎ ይመዝግብ፤ ደረሰኝ ይጠይቅ። ፓርቲው ለቦርዱ ያቀረበውን ሒሳብ ሲያሳየን ከደብተራችን ጋር እናስተያያለን። ይህን የምንጠይቀው ገዥውንም ተቃዋሚውንም፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ዕጩ ነው። ሙስሊም ዕጩ ከሆነማ አጥብቀን እንጠይቀው፤ ነገ የእርሱ ጥፋት ለእኛ ነው የሚቆጠረው።

ምንጣፉ ዛሬም እንደተጠቀለለ በመድረሳው ጥግ ቆሟል። ዕጩው ደረሰኙን እልካለሁ ብለዋል። ሲደርሰን በጁሙዓ ለጀመዓው እናነበዋለን።