እየፈረሰ ያለውን ወረቀት ማን ቆጠረው?

በፈረንሳይ ለጋሲዮን መንገድ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ዛሬም ያልፋሉ። ከዚያው ሰፈር ሱቅ የምገዛው ቆሎ ደግሞ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጠኛል። ሁለቱም እንጨት ናቸው፤ ጋዜጣውም እንደ ማገዶው የሚያልቅበት ቀን አለው።

ባለፈው ሰሞን በአንድ ቤተ መጻሕፍት የ1950ዎቹን የጋዜጣ ጥራዝ አስወጣሁ። ገጹን በገለጥኩ ቁጥር ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ተፈረካከሰ። ስነሣ አዛውንቱ ሠራተኛ ፍርፋሪውን በመዳፋቸው ጠርገው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። «ምን ይደረግ ልጄ፣ ወረቀት ነው» አሉኝ። በአንደኛው ፍርፋሪ ላይ ግን ሁለት ፊደሎች አይቼ ነበር።

ስለ ብራና ሲወራ ደረታችንን እንነፋለን። እውነት ነው፤ በአድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ ኖሯል። በ1917 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ግን ገና የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። የጋዜጣ ወረቀት የሚሠራው ከተፈጨ እንጨት ነውና በውስጡ የሚቀረው ሊግኒን በብርሃንና በአየር ቢጫ ያደርገዋል፤ አሲዱም ክሩን ይበላዋል። ብል ባይነካው፣ ዝናብ ባይደርስበት እንኳ ከውስጡ ይሞታል።

«በጀት የለም» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ሕመሙን ለማወቅ የሚያስፈልገው በዕጣ የወጡ ጥቂት መቶ መጻሕፍት፣ እርሳስና መዝገብ ነው። የገጹን ጥግ ወደፊትና ወደኋላ ማጠፍ፤ በጥቂት እጥፋት ከተቆረጠ «ተሰባሪ» ብሎ መጻፍ። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ በ1985 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናቱ 36,500 ያህል መጻሕፍት መርምሮ ከመቶ 37ቱ ተሰባሪ ሆነው አገኛቸው። ሀብታሙ እንኳ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቁጥሩን ፈለገ።

«ስካነር ይገዛልንና ሁሉንም እናነሣለን» የሚሉም አሉ። ማለፊያ! ግን ከየትኛው ይጀመር? ሳይቆጠር ከተጀመረ ጠንካራው አስቀድሞ ይነሣል፤ ደካማው ተራውን ሲጠብቅ ዱቄት ይሆናል።

ስለዚህ ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከእጃችሁ ካለው ስንቱ ተሰባሪ ነው? ቁጥሩን አሳዩን። መልሱ ዝምታ ከሆነ የሰፈሬ ባለሱቅ ከናንተ ይሻላል። እሱ ስንት ኪሎ ጋዜጣ እንደቀረው ያውቃል።