እኩዮቼ፣ ማሳው ሳይታይ መርዝ አይነሣ

በገዳሪፍ አዋሳኝ፣ ከመተማ እስከ ቋራ አኩሪ አተርና ሰሊጥ ለምታርሱ የዕድሜ እኩዮቼ። አኩሪ አተሩ አበባ ሲያወጣ ልጆቻችን መርጫ አዝለው ማሳ ይገባሉ። ትል ይኑር አይኑር ያየ የለም፤ ጎረቤት ረጨ ተብሎ ይረጫል። መሬቱም ገንዘቡም በእጃችን ነውና፣ ይህን ዝም ብለን ካየን ነገ የምንጠየቀው እኛው ነን።

ብልህ ከሰው ውድቀት ይማራል። በሱዳን፣ ከገዳሪፍ በስተ ምዕራብ ያለው የገዚራ የጥጥ እርሻ የደረሰበትን ስሙ። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥጡ በዓመት አንድ ጊዜ ቢረጭ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ወደ ዘጠኝ ጊዜ ደረሰ። ተባዩ ግን በረታ። እንቁላሉንና ትሉን የሚበሉት ተርቦችና ጥንዚዛዎች ቀድመው አለቁ፤ ከልካይ ያጣው ነጭ ዝንብ ማሳውን ወረረ፣ ከሰውነቱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽም ጥጡን አጣብቆ ገበያውን አበላሸ። በ1979 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከሱዳን ተመራማሪዎች ጋር መርዝን የሚቀንስ የተቀናጀ የተባይ መከላከል ሥራ የጀመረው ይህ ሁሉ ከደረሰ በኋላ ነው። ያ ኪሳራ እዚህ እንዲደገም አንፍቀድ።

የአኩሪ አተራችንን ጠላት፣ ጓይ ትልን፣ እንወቀው። እናቱ የእሳት ራት ናት፤ በሌሊት እየዞረች እንቁላሏን አንድ በአንድ ትጥላለች፣ በዕድሜዋ ከሺህም ሊበልጥ ይችላል። ትሉ ገና ሲፈለፈል ቅጠልና አበባ ይቀምሳል። ሲጠነክር ቆባውን ይሰረስራል፤ ጭንቅላቱን ከቶ ፍሬውን ሲበላ ግማሽ አካሉ ውጭ ይቀራል። በዚያን ጊዜ የሚረጭ መርዝ ብዙውን አያገኘውም፤ ያገኘውም በቀላሉ አይሞትም።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳ ግቡ። በመስመሮቹ መካከል ነጭ ጨርቅ ዘርጉ፣ ተክሉን በላዩ አራግፉ፣ የወደቀውን ትል ቁጠሩ። አበባ ከማውጣቱ በፊት ከቅጠሉ ሲሶ ያህሉ ቢበላ ተክሉ ራሱን ይተካልና አትደንግጡ። ቆባ ከያዘ በኋላ ግን ቸል አትበሉ፤ ቁጥሩን ለግብርና ባለሙያው አሳዩና መርጨት ካስፈለገ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ወደ ማታ ይሁን። ለትንንሹ ትል የኒም ፍሬም ይረዳል፤ ሃምሳ ግራሙን ወቅጣችሁ በአንድ ሊትር ውሃ አሳድሩና አጥልላችሁ ርጩት። አንድ ዓይነት መርዝ ደጋግሞ መርጨት ትሉን ያለማምደዋል፤ በሌላ ዓይነት አፈራርቁ።

አጭዳችሁ ስትጨርሱ አፈሩ ሳይደርቅ በጥልቀት እረሱ። ወደ እሳት ራትነት ለመለወጥ መሬት ውስጥ የገባውን እርሻው ለፀሐይና ለወፍ ያወጣዋል። ይህን ግን አንዱ አርሶ ሌላው ቢተወው አይበጅም፤ ጓይ ትል ማሽላም፣ ጥጥም፣ ሽምብራም ይበላል፣ የእሳት ራቷም ድንበር አታውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ድንበር ተሻግሮ የመጣ፣ ጽሑፉን ልጆቻችን ማንበብ የማይችሉት መርዝ ወደ ቤት አይግባ። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ሁሉ እንዲመዘገብ ያዘዘው ለከንቱ አይደለም። በውሃ ጠርሙስ የተገለበጠ መርዝ ከትሉ በፊት ልጅ ይገድላል።

ዘንድሮ ክረምት ልጆቻችን መርጫ ከማንሣታቸው በፊት «ስንት ትል አያችሁ?» ብለን እንጠይቅ። መልስ የሌለውን መልሰን እንላከው። መሬቱን ከአባቶቻችን የተቀበልነው ለልጆቻችን ልናስረክብ ነው፤ መርዝ ጠጥቶ የደከመ መሬት ልናስረክባቸው አይገባም።